ሆድ የሚያስብስ ውኃ

በሕይወቴ ሆዴን አሞኝ ሥራ የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ድንጋይ ቢበላ ይፈጫል የሚባልልኝ ሰው ነኝ። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ሆዴ ያልሰማ ነጋዴ፣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛና የሆቴል ባለቤት ጁባ ውስጥ አልቀረም። አንዳንዱ ደወለ፣ አንዳንዱ ሎሚ ላከ፣ አንዱ እንዲያውም ሰሞኑን የበላሁትን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሬ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ እናንተም ሎሚ ይዛችሁ መምጣታችሁ አይቀርምና ትንሽ ታገሡኝ።

ያን ጊዜ የምሠራው እትዬ ጽጌ የውኃ ማጣሪያ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ ካስተም ገበያ፣ ከዑጋንዳ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ዕቃ ከሚያራግፉበት ፊት ለፊት ነው። የሥራ መደቤ «ማርኬቲንግ ኦፊሰር» ይባላል። ሲጠሩት ደስ ይላል። በተግባር ግን ካርቶን አወርዳለሁ፤ ገጣሚያችን ኦጁሉ ማጣሪያ ሊሰቅል ሲወጣ መሰላል እይዛለሁ፤ እትዬ ጽጌ መነጽራቸው ሲጠፋባቸው እፈልጋለሁ። የእትዬ ጽጌ መነጽር ደግሞ በአብዛኛው እንደጠፋ ነው የሚውለው። ማርኬቲንግ የምለው ከዚህ ሁሉ ተርፎ በምትገኝ ጊዜ ስልኬን አውጥቼ የምሠራውን ነው።

ባለሞያዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ አለ፤ ታውቁታላችሁ። ሁሉም ሰው ከረባት አስሮ የሚነሣበት፣ ሁሉም ሰው ሥራውን የሚወድበት ገጽ። እኛ አበሾች «የሞያ ገጽ» እንለዋለን። በጁባ ዐረብኛ ውኃ «ሞያ» ነው የሚባለው፤ «ሞዮ» የሚሉትም አሉ። ስለዚህ ኦጁሉ መጀመሪያ «የሞያ ገጽ ላይ ልጽፍ ነው» ስለው ስለ ሌላ ነገር የምጽፍ አልመሰለውም። የውኃ ዕቃ የምንሸጥ ሰዎች በውኃ ገጽ ላይ ካልጻፍን የት እንጻፍ? በዚህ እንኳ አልተሳሳተም።

የኔ ሥራ ቀላል ነበር። ማጣሪያውን የሚያስመጣው ካምፓላ ያለው ነጋዴ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ፎቶ ይለጥፋል፤ እኔ ሼር አደርገዋለሁ። ሼር ሳደርግም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የምጨምርበት፤ «በጣም ጥሩ!» እላለሁ። አዲስ ማጣሪያ ሲመጣ፣ በጣም ጥሩ! የቧንቧ መጋጠሚያ ሲወደድ፣ በጣም ጥሩ! አንድ ጊዜ የካምፓላው ሰው አጎቱ ማረፋቸውን ጽፎ ነበርና ለሱም ሳላነብ «በጣም ጥሩ!» ብዬ አሳለፍኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ታዲያ አንድ ሰኞ እትዬ ጽጌ ከናይሮቢ የመጣ አሠልጣኝ ለነጋዴዎች የሰጠውን የግማሽ ቀን ሥልጠና ተካፍለው፣ አንገታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ካርድ እንደተንጠለጠለ ሱቅ ገቡ። ካርዱን ለሦስት ቀን አላወለቁትም።

«አንተ፣» አሉኝ፤ «ሼር ስታደርግ ምንድነው የምትለው?»

«በጣም ጥሩ ነው የምለው፣ እትዬ።»

«እሱን ነው አሠልጣኙ ሞት ነው ያለው። ከእንግዲህ የራስህን ድምፅ ጨምርበት። ገባህ? የሌላ ሰው ጽሑፍ ዝም ብሎ አይጋራም፤ የራስህን ድምፅ ትጨምርበታለህ።»

ገብቶኛል አልኩ። ስላልገባኝም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬን ደግኜ የማጣሪያውን ዝርዝር ሁሉ ጮክ ብዬ አንብቤ በድምፅ ለጠፍኩት። ከኋላዬ የመኪና ጥሩምባ አለ፣ የጄነሬተር ጩኸት አለ፣ ካርቶን አውራጆቹ የሚተራረቡት አለ፤ ከዚያ ሁሉ መሃል እኔ «አምስት ማይክሮን!» እያልኩ እጮኻለሁ። እትዬ ጽጌ ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ጉሮሮህን አይደለም ያልኩህ፤ ድምፅ ማለት እኮ ከውስጥህ ያለው ነው። አንተ ሰውዬ፣ ውስጥህ ምንም ነገር የለም እንዴ?»

እንግዲህ ሰውን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጥሩ አይደለም። አለኝ። ውስጤ ያለችው ወይንሸት ናት።

ወይንሸት ሚስቴ ናት። የተገናኘነው እዚሁ ጁባ ነው፤ እሷ ካቶር አካባቢ ካለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ እኔ የሆቴሉን ማጣሪያ ለማየት መጣሁ። ማጣሪያው ምንም አልነበረበትም። ስድስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት። በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌ ጁባ በተኩስ ስትናጥ አራት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር አብረን ተኝተናል፤ ፈርተን ሳለን እንኳ ታስቀኝ ነበር። መንገዱ ሲከፈት «እንሂድ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «አንቺ ቅደሚ፣ በሁለት ወር እከተልሻለሁ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ባዶ እጄን ተመልሼ ሰው ፊት መቆም ፈርቼ ነው። ለሠርጋችን አብረን በሄድንባት አርባ ምንጭ፣ እናቷ ዘንድ ገባች። ሁለቱ ወር ዓመት አለፈው።

በስልክ እንነጋገራለን፤ መነጋገር ከተባለ። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። አንተስ?» «ደህና ነኝ። እማማስ?» «ደህና ናቸው። ሙቀቱስ?» «አለ።» እዚህ ላይ ወይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ወይ ወሬው ያልቃል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የምነግራት ነገር ሁሉ የሚመጣልኝ። መንገድ ላይ እየሄድኩ፣ ገላዬን እየታጠብኩ፣ መሰላል ይዤ ኦጁሉ ጣሪያ ላይ ሲያፏጭ፣ ለሷ የምለው ቃል በየተራ ይመጣል፤ ስልኩን ሳነሣ ግን «ሙቀቱስ?»

አንድ እሑድ ደወለችና «አንድ ሆቴል ሥራ አግኝቻለሁ፤ የሁለት ዓመት ውል ነው። ልፈርም?» አለችኝ።

«እንደመሰለሽ» አልኳት።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የሚሻልሽን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አንድ ቀን እንኳ ናፍቀሽኛል ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ትክክለኛውን መልስ ፍለጋ ላይ እያለሁ፣ «እስከሚመጣው ሰኞ መልስ ስጪን ብለውኛል» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ስደውል አታነሣም። እትዬ ጽጌ ካርዳቸውን አንጠልጥለው የመጡት እንግዲህ በማግስቱ ነው።

ወይንሸት ሥራ ስትፈልግ የሞያ ገጹ ላይ ስሟን አስገብታለች። የኔ ጽሑፍ ይደርሳታል። በዚያ ሰሞን እነሱ ጋ የስልክ ኢንተርኔት አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ነው የምትከፍተው። ይህን ሳስብ፣ ስልክ የማታነሣልኝን ሚስቴን ማግኛ አንድ ቀዳዳ እንደቀረችኝ ገባኝ። ቀዳዳዋ የውኃ ማጣሪያ ማስታወቂያ ናት።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የካምፓላው ሰው አዲስ ለጠፈ፤ «ንጹሕ ውኃ፣ ጤናማ ሠራተኛ» ይላል፤ አንዲት ፈገግ ያለች ሴት ብርጭቆ ይዛለች። ሼር የምትለዋን ነካሁና ካርቶን ላይ ተቀምጬ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኞቻችን ግማሾቹ አበሾች ናቸው፤ ማን ይከለክለኛል? የጻፍኩት ይኼ ነው።

«ይህን ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ሆድ ይብሰኛል። ማጣሪያው ጥሩ ነው፤ ጭቃውን ያስቀራል፣ ጨዉን ያስቀራል፤ ትዝታን ግን ማስቀረት አልቻለም። አንድ ጊዜ ከምንጭ በመዳፏ ቀድታ ያጠጣችኝ ሰው ነበረች። ውኃው አፌ እስኪደርስ ግማሹ በጣቶቿ መሃል ፈሶ አለቀ። በቀረው ግማሽ ነው እስከ ዛሬ የምኖረው። እዚህ ዓባይን የሚያህል ውኃ በደጄ ያልፋል፤ የጠማኝ ግን ያ መዳፍ ነው። ጠዋት ተሳስቼ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እቀዳለሁ። አንዱን ጠጥቼ ሌላውን እያየሁት ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ናፍቀሽኛል። ይኼን በስልክ ማለት ለምን እንዳቃተኝ አላውቅም።»

ከሥሩ ስሜ፣ ከስሜ ቀጥሎ «ማርኬቲንግ ኦፊሰር»። ለጠፍኩትና ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈስኩ።

እስከ ማምሻው አበሻው ሁሉ አነበበው። የሆቴል ባለቤቶች፣ ሹፌሮች፣ አንድ የጎማ ነጋዴ፤ ሁሉም የየራሱን ናፍቆት ከሥሩ መጻፍ ያዘ። አንዱ ጎንደር ጥሎት የመጣውን ልጁን፣ አንዷ እናቷን፣ አንዱ ስሟን ሊጠራት ያልፈለጋትን ሴት። የማጣሪያ ማስታወቂያው ለቅሶ ቤት መሰለ። አንድም ሰው ማጣሪያ አላዘዘም።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ ሚስተር ኦኬሎ ከነመኪናው ደረሰ። ዑጋንዳዊ ነው፤ የአንድ እርዳታ ድርጅት ዕቃ ገዢ፤ ከኛ አርባ ማጣሪያ አዝዞ ሊረከብ ነበር። ሲያየኝ በሩ ላይ ቆመ። እጁን ሊሰጠኝ ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«ወንድሜ፣ ለምን ቆመሃል? ተቀመጥ እንጂ» አለኝ በእንግሊዝኛ። ከኪሱ ኦአርኤስ፣ ያ በውኃ እየተበጠበጠ የሚጠጣው የተቅማጥ መድኃኒት፣ አምስት ከረጢት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? ደም አለው?»

«ምኑ?»

ስልኩን አሳየኝ። ገጹ አማርኛ ለማይችል ሰው በራሱ ጊዜ ይተረጉማል ለካ። የኔ የልብ ጩኸት እንዲህ ተብሎ ተተርጉሟል፤ ቃል በቃል ልንገራችሁ። «ይህን ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ጨጓራዬ ይብስበታል። ማጣሪያው ጥሩ ነው፤ ጭቃውን ይተዋል፣ ጨውን ይተዋል። አንድ ጊዜ ሰው በእጇ ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ ወዲህ በግማሽ እየኖርኩ ነው።» ከሥሩ ደግሞ የድርጅታችን ስም በትልቁ፤ ከጎኑ ፈገግ ያለችው ሴት ብርጭቆዋን እንደያዘች።

ከተማው የኮሌራ ወሬ ያስጨነቀው ሰሞን ነው። እጅህን ታጠብ፣ ውኃ አፍላ የሚለው ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም። በዚያ ሰሞን አንድ የማጣሪያ ሱቅ ማርኬቲንግ ኦፊሰር «ውኃችን ሆዴን አጠፋው» ብሎ በአደባባይ መሰከረ። ሚስተር ኦኬሎ ርክክቡ የሕክምና ማስረጃዬ እስኪመጣ መዘግየቱን፣ የበላሁትንም ዘርዝሬ ብጽፍለት እንደሚጠቅም በጨዋ ቋንቋ ነግሮኝ ሄደ። ከሰዓት በፊት ሁለት ሆቴሎች የተገጠመላቸውን ማጣሪያ እንድንነቅል ደወሉ።

ኦጁሉ የተነቀለውን ማጣሪያ ትከሻው ላይ ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። እሱ ደቡብ ሱዳናዊ አኙዋክ ነው፤ ያደገው ግን ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛውን እንደኛ ነው የሚናገረው። «ያ አኹይ፣ ባጥና ታኪ ከፍ?» አለኝ። ወንድሜ፣ ሆድህ እንዴት ነው ማለቱ ነው። ቀጥሎ በሳቅ ተንከተከተ።

«አትሳቅብኝ። ምን ልበል? ሆድ ብሶኛል ማለት ሆድ ብሶኛል ማለት ነው እንጂ!»

«ለኔና ላንተ ነዋ። ለኦኬሎ ሆድ ማለት ባቄላ የሚገባበት ነው።»

እውነቱን ነው። ሌላው ሕዝብ ስሜቱን ልቡ ውስጥ፣ ከፍ አድርጎ፣ ንጹሕ ቦታ አስቀምጦታል። እኛ ግን ፍቅሩንም ኀዘኑንም ምስጢሩንም ወስደን ከምሳችን ጋር ሆድ ውስጥ ከተትነው። የምንወደውን ሰው «ሆዴ» እንላለን፤ ስናዝንለት ሆዳችን ይባባል፤ ስንታገሥ ሆደ ሰፊ እንባላለን፤ ስንጠረጥር ሆዳችን ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ አንጀት አለ፤ አንጀታችን ይላወሳል፣ ይንሰፈሰፋል፣ ይበላል። ይኼን ሁሉ ለባዕድ ቢተረጉሙት ሆስፒታል ነው የሚሆነው። እኔ ያኔ ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ሥራዬን ማዳን ነበር። ስለዚህ ማስተባበያ ጻፍኩ። ሞኝነቴን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ማስተባበያውንም በአማርኛ ጻፍኩት።

«የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ሆዴ ደህና ነው። የባሰኝ በናፍቆት ነው። አንጀቴን የበላችው ሚስቴ ናት እንጂ ውኃው አይደለም።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ትርጉሙን ኦጁሉ ነው ያነበበልኝ፤ እኔ ማየት አልቻልኩም። «ክቡራን ደንበኞች፣ ጨጓራዬ ደህና ነው። አሁን በጣም ብሶብኛል። ሚስቴ አንጀቴን በልታዋለች። ውኃ የለም።» ሚስተር ኦኬሎ ደውሎ በዝግታ፣ ቃል በቃል እየለየ፣ አብሮኝ የሚኖር ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ብቻዬን እንደምኖር ስነግረው «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ጽጌ ገቡ። የሥልጠናው ካርድ አንገታቸው ላይ የለም። የተነቀሉት ማጣሪያዎች መሃል ቆመው ዙሪያውን አዩና ተቀመጡ።

«ሆድህን ማን ጠየቀህ?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ ከውስጥህ አውጣ ያሉኝ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥህ እንዳለ በምን አውቃለሁ? ስማኝ። ሁለቱም ጽሑፎች አሁን ይነሡ። ወይ ጽሑፉ ይነሣል ወይ አንተ ትነሣለህ። አለቀ።»

ስልኬን አወጣሁ። ማጥፊያዋን ለመንካት አንድ ጣት ትበቃለች። ጣቴ ግን አልታዘዘኝም። ነገ ቅዳሜ ነው። ነገ ወይንሸት ኢንተርኔት ቤት ትሄዳለች፤ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው፤ ከዚያ ሰኞ። በሁለት ዓመት ትዳር ያልተናገርኩትን አንድ ጊዜ ተናግሬ፣ ሳትሰማው ልመልሰው ነው።

«እትዬ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ብቻ ይቆይልኝ።»

«ለምን?»

«አላነበበችውም።»

«ማን?»

ኦጁሉ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሚስቱ» አለላቸው። «ስልክ አታነሣለትም። ሰኞ ልትፈርም ነው። ይኼ ሰውዬ ናፍቀሽኛል ማለት አይችልም፤ ማጣሪያ ላይ ነው የሚጽፈው። አሁን እሱን ካጠፋ ምን ይቀረዋል? ማፊ!» ምንም አይቀረውም ማለቱ ነው።

እትዬ ጽጌ ጽሑፉን ራሳቸው አላነበቡትም ነበርና መነጽራቸውን በቦርሳቸው፣ በመሳቢያው፣ በራሳቸው ላይ ፈለጉት። የለም። «እስቲ አንተው አንብብልኝ፤ ምን ብለህ ነው ያዋረድከኝ?» አሉ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «ጮክ በል፣ የምሰማው ጄነሬተሩን ነው» አሉኝ። ጮክ አልኩ። ከውጭ ካርቶን የሚያወርዱት ልጆች ዘወር ብለው አዩኝ። እኔ የጻፍኩትን ነገር በራሴ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። መዳፏ ጋ፣ የሻዩም ብርጭቆ ጋ ስደርስ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

እትዬ ጽጌ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ያሻሹታል።

«እኔ እንዲህ ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ጁባ ድረስ ማጣሪያ ልሸጥ አልመጣም ነበር።» ከዚያ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በሌላ ነገር ነው። «ደግሞ ይኼን ለኔ ምን ያነብልኛል! ለኦኬሎ ምን ይጽፍለታል! አንተ፣ ያቺ ልጅ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፋ፣ ለሰዓት ከፍላ፣ ከቧንቧ ማስታወቂያ ሥር እየፈለገች ታንብብልህ? አፍ የለህም?»

«አታነሣልኝም አልኩ እኮ።»

የራሳቸውን ስልክ ባንኮኒው ላይ ገፋ አድርገው ሰጡኝ። «የኔን ቁጥር አታውቀውም። ደውል።»

ደወልኩ። መጀመሪያ አልሄደም። ሁለተኛ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ደንበኛው እንደማይገኝ ነገረችኝ። ሦስተኛ ጠራ። በሕይወቴ እንደዚያች ጥሪ የረዘመብኝ የለም።

«ሃሎ?» አለች። ድምፅዋን ከሰማሁ አምስት ቀኔ ነበር፤ አምስት ዓመት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ። እንዳትዘጊው። ደህና ነሽ ወይ አልልሽም። የማነብልሽ ነገር አለኝ።»

«ምንድነው?»

«የ... የማጣሪያ ማስታወቂያ ነው» አልኳት። ከዚህ የባሰ አጀማመር ካለ ንገሩኝ። እትዬ ጽጌ ግንባራቸውን መቱ።

ግን አልዘጋችውም። አነበብኩላት። ይኸኛው ንባብ የመጀመሪያውን አይመስልም፤ ቃሎቹ ያው ሆነው እያንዳንዱ ከብዶኛል። ምንጩን ሳነሣ በዚያ በኩል የሆነ ነገር ሰማሁ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። «ይኼን በስልክ ማለት ለምን እንዳቃተኝ አላውቅም» ብዬ ስጨርስ መስመሩ ጭር አለ። የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሃሎ? ወይንሸት? አለሽ?»

«አለሁ። ትናንት ፈረምኩ።»

ባንኮኒውን ያዝኩ።

«ሰኞ አላልሽም?»

«ሰኞ ድረስ ምን እጠብቃለሁ? እንደመሰለሽ ካልከኝ በኋላ ምን የሚጠበቅ አለ?» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ዓመት ነው። ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ።»

ከዓመት በላይ ያጠራቀምኩትን ቃል ሁሉ አንድ ቀን ዘግይቼ ነው ያመጣሁት። እትዬ ጽጌና ኦጁሉ ፊቴን እያዩ ነው፤ ምን እንዳለችኝ ከፊቴ አንብበውታል። ኦጁሉ የተነቀለውን ማጣሪያ ያለ ምክንያት አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«እስቲ፣» አለች ወይንሸት፤ ድምፅዋ ቀጠነ፤ «እስቲ እንደገና አንብብልኝ።»

እንደገና አነበብኩላት። አልተቻኮልኩም። ደንበኛ ገባ፤ እትዬ ጽጌ በእጃቸው አስወጡት። ጭቃውን ያስቀራል አልኩ፣ መዳፏን አልኩ፣ ዓባይን አልኩ፣ ሻዩን አልኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ስልኬ ላይ የተጻፈው አለቀ፤ እኔ ግን አላለቅኩም። ያልተጻፈ አንድ ቃል ከአፌ ወጣ።

«እመጣለሁ» አልኳት።

«መቼ?» አለች ወይንሸት።

«መቼ?» አሉ እትዬ ጽጌ፣ እኩል፣ ከባንኮኒው ማዶ።

ሁለቱም ይጠብቁኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ቶሎ መጣልኝ።

«ረቡዕ» አልኩ። ረቡዕ አውሮፕላን መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።